ካርቡራተር ያለው ሰው

ቅናት የሚባል ነገር አላውቅም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። ጎረቤቱ መኪና አለው ወይ? ካለው፣ ጠዋት ጠዋት ሳትለመን ትነሳለች ወይ? ከተነሳች፣ ከጎኑ ማን ይቀመጣል? ሦስቱንም ፊቱ ሳይለዋወጥ ከመለሰላችሁ እውነቱን ነው፤ አይቀናም። እኔ ገና ሁለተኛው ላይ ጥርሴን ማፋጨት እጀምራለሁ። ሦስተኛው ላይማ አትድረሱ።

የምቀናበት ሰው ግርማ ይባላል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእኔ ቤት ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ የሚኖር የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጣጣዬም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ አንዴ ጠልቼው እፎይ እል ነበር። ሰላምታው ሙሉ ነው፣ ሳቁ ሙሉ ነው፣ ፀጉሩ እንኳ ሳይቀር ሙሉ ነው። የእኔ ፀጉር ገና ለአቅመ አዳም ሳልደርስ ነው ከግንባሬ ማፈግፈግ የጀመረው። መኪናው ደግሞ ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ቀለሟ ድሮ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው በሰፈሩ የለም፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን አገጩ ሥር ማስቀመጥ አለበት። ግን ትነሳለች። ሲዘንብ ትነሳለች፣ ውርጭ ሲወርድ ትነሳለች፣ እኔ በአጥር ቀዳዳ እያየሁ እንዳትነሳ ስጸልይ እንኳ ትነሳለች።

ከጎኑ የምትቀመጠው አልማዝ ናት።

አልማዝ ከእናቷ ከእማማ ደብሪቱ ጋር ከእኔ ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብላ የምትኖር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት የሆነች ልጅ ናት። ላገባት እፈልግ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ አላስረዝመውም። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ግን የእናቲቱን ልብ ማግኘት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። እናት እሺ ካለች ልጅ ወዴት ትሄዳለች? እማማ ደብሪቱ ደግሞ ቁርጥማት ይዟቸው እሁድ እሁድ እንጦጦ ጠበል ይጠመቃሉ። ዳገቱን በእግራቸው አይችሉትም፤ የሚያወጣቸው ግርማ ነው። አልማዝ ልትደግፋቸው አብራ ትሄዳለች። እንግዲህ አስቡት፤ እናትየው ከኋላ ቁርጥማታቸውን ታቅፈው፣ እሷ ከፊት፣ እሱ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ክንዱ ክንዷን እየነካ። ይህን በዓይኔ አይቼ አይደለም፤ የመኪናዋን ስፋት ስለማውቅ ነው።

ስለዚህ መኪና አስፈለገኝ።

ዕድል ረዳኝና በመሥሪያ ቤታችን የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ኮንትራቱ አልቆ ሲሄድ አሮጌ ሚኒባሱን ለእኔ ለቀቀልኝ። ያስረከበኝ ቀን የኋላውን ወንበር አንሥቶ ከሥሩ የተቀመጠ የቆርቆሮ ሳጥን አሳየኝ። ኮምፒውተር ነው አለኝ፤ ለሞተሩ ቤንዚን የሚመጥንለት እሱ ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ረጅም ማስጠንቀቂያ ነገር ተናገረ፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። ለአልማዝ እንዴት እንደምነግራት እያሰላሁ ነበር።

በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር በስም እንጂ በዓይን የሚታወቅ ዕቃ አልነበረም። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዳለና ብርድ ካልነፈሰበት እንደማይሠራ፣ የሚገቡበትም ሰዎች ነጭ ካፖርት እንደሚለብሱ ይወራ ነበር። እኔ ግን በወንበሬ ሥር አለኝ! በቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ሳይቀር አወራሁት። ግርማ ያለው ቤንዚን የሚመጥንለት ካርቡራተር ነው፤ እኔ ያለኝ ኮምፒውተር ነው። ካርቡራተር ማንም አለው።

መንግሥትም ሳያስበው ረዳኝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል እሁድ እሁድ የቤት መኪኖች በተራ ነበር የሚነዱት፤ ሰሌዳቸው ጎዶሎ ቁጥር የሆነ አንዱን እሁድ፣ ሙሉ የሆነ የሚቀጥለውን። የእኔ ጎዶሎ ነው፤ የግርማ ሙሉ ነው (ከእሱ ምን ጎዶሎ ነገር ይገኛል?)። እንግዲህ አንዱ እሁድ ለእኔ፣ አንዱ ለእሱ ሆነ ማለት ነው። አብዮቱ ብዙ ነገር እኩል እንዳከፋፈለ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ይህንን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው እሁዴ ደረሰ። እማማ ደብሪቱ ከኋላ ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ አልማዝ ከጎኔ። ሚኒባሷ ዳገቱን በዝማሬ ወጣችው።

«ያ የምታወራለት ኮምፒውተር ምንድነው የሚሠራው?» አለችኝ አልማዝ።

«ለሞተሩ ያስብለታል።»

«አንተስ ታዲያ ምን ትሠራለህ?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከመሳቄ በፊት መልስ መፈለግ ነበረብኝ፤ መልሱ የመጣልኝ ረቡዕ ቀን ነው።

ተጠምቀው ሲያበቁ እማማ ደብሪቱ ለሳምንቱ የሚጠጡትን ጠበል በትልቅ ጀሪካን ሞልተው ይዘው መጡ። የጀሪካኑ ክዳን ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፤ አፉ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። ወንበራቸው ላይ አስደገፉትና ቁልቁለቱን ጀመርን። ጥቂት እንደወረድን ሞተሩ አንቀጠቀጠው። ሳል ጀመረው። ቀበና አካባቢ ሜዳው ላይ ስንደርስ ጭራሽ ጠፋ።

መገፋት ነበረበት። እማማ ከውስጥ ይጸልያሉ፣ እኔ መሪ ይዣለሁ፣ አልማዝ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ትገፋለች። በዚህ መሐል ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ግርማ! ተራው ስላልሆነ በእግሩ ሽርሽር ወጥቶ ነበር። ኮቱን አውልቆ ከአልማዝ ጎን ገባና ትከሻ ለትከሻ ሆነው ይገፉ ጀመር። በስፖኪዮ አያቸዋለሁ። ይገፋሉ፣ ይስቃሉ፣ ይገፋሉ። ዳገት በሌለበት መንገድ ያን ያህል የሚያስቅ ነገር ምን አገኙ? መኪናዬን አቁሜ እኔም ወርጄ ልግፋ እንዳልል መሪ የሚይዝ የለም። በገዛ ቤንዚኔ፣ በገዛ ተራዬ፣ የራሴን ባላንጣ ከእሷ ጎን አሰለፍኩት።

በማግስቱ ቁልፉን ባዞረው ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ተነሣ።

ወሰን ሰፈር ወዳለው ጋራዥ፣ ጋሽ በየነ ወደሚባሉ መካኒክ ወሰድኩት። ጋሽ በየነ የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው ድምፃቸው የሚጨምር ሰው ናቸው። ሞተሩን ከፍተው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ጮኸው፣

«ካርቡራተሩ የለም!» አሉ።

«እንዴት የለም?»

«ተሰርቋል።»

«ጋሽ በየነ፣ ያለ ካርቡራተር መኪና ይሄዳል እንዴ?»

«ታዲያ ለዚህ አይደለም እንዴ የሚቆመው!»

ይህን የመሰለ አሳማኝ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ካርቡራተር እንደማያስፈልገው ያ ፈረንጅ ነግሮኝ ይሆናል፤ እኔ ግን እንደነገርኳችሁ ስለ አልማዝ ነበር የማስበው። ካርቡራተር ከተሰረቀ ደግሞ ሌባው ማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም። በሰፈሩ የማልገፋው መኪና እንዲኖረኝ የማይፈልግ አንድ ሰው አለ።

ከጋራዡ በቀጥታ ግርማ ቤት ሄድኩ። መኪናዋ ከደጅ ቆማለች። ኮፈኑን ከፍቼ ካርቡራተሩን አገኘሁት። ትክ ብዬ ሳየው የእኔ መሰለኝ። የራሴን አይቼው ባላውቅም የእኔ መሰለኝ። ለምልክት እየደባበስኩት ሳለሁ የግርማ በር ተከፈተና አልማዝ ባዶ ሳህን ይዛ ወጣች፤ እናቷ ድፎ ዳቦ ልከውለት ኖሯል። ለእኔ ቤት ዳቦ ተልኮ አያውቅም።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችኝ።

እጄ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። «እያየሁ ነው» አልኩ።

ግርማም ከኋላዋ ብቅ አለ። ነገሩን ሳድበሰብስ ሰማና፣ «ካርቡራተር ነው የቸገረህ ወንድሜ? ታዲያ ምን ችግር አለ፤ እሁድ እስኪደርስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ የእኔን ፍታውና ሞክርበት» ብሎ ካቻቢቴ ይዞልኝ መጣ። ራሱ ጎንበስ ብሎ ይፈታልኝ ጀመር!

አልማዝ ያየችውን አስተያየት እኔ ነኝ የማውቀው። እኔን አይደለም ያየችው። ሊሰድበኝ፣ በጥፊ ሊለኝ፣ ቀበሌ ሊከሰኝ ሲችል፣ በቸርነቱ ቀደመኝ። ካርቡራተሩ በእኔ ሞተር ላይ የትም ቦታ እንደማይገባ ብዙም ሳንቆይ አወቅንና መልሰን ገጠምነው፤ እኔ ግን ያቺን ካቻቢቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

በሚቀጥለው ተራዬ ያው ሆነ። ስንወጣ ዝማሬ፣ ስንወርድ ሳል። ጋሽ በየነ ካንዴላ ቀየሩ፣ ባትሪ ቀየሩ፣ በመጨረሻ ድምፃቸውን ብቻ እየጨመሩ ሄዱ። ግርማ ደግሞ በየተራው እሁድ ያቺን ቆርቆሮውን እያስጮኸ አድርሶ ይመልሳቸዋል። ከዚያ በኋላ በመጣው እሁዴ፣ እንጦጦ ላይ ተጠምቀው ሲመለሱ እማማ ደብሪቱ መኪናው በር ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

«ልጄ፣ ልነግርህ ፈልጌ ስታዝንብኝ እያልኩ ነው እንጂ፣ መኪናህ ደህና አይደለም።»

«አውቃለሁ እማማ፣ ካርቡራተሩ...»

«እሱን ተወው። እኔ የማየውን ልንገርህ። ሲወጣ ደህና ነው። ጠበሉ ሲገባ ይንቀጠቀጣል፣ ያጓራል፣ ከዚያ ይወድቃል። ይህን እዚህ በየሳምንቱ በሰው ላይ ሳየው ነው የምውለው። አድሮበታል።»

«ምን አድሮበት እማማ?»

«እኔ ስሙን አልጠራም። ያ ያስባል ያልከው ነገር የት ነው የተቀመጠው?»

በዚህ ጊዜ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን አማቴ እንዲሆኑ የምመኛቸውን ሴት ጠበል አላስረጭም ማለት እንዴት ይሆናል? አልማዝም ቆማ ታየኛለች። ወንበሩን አነሣሁላቸው። እማማ ደብሪቱ አማተቡና ከጀሪካኑ ግማሹን በሳጥኑ ላይ ለቀቁት።

«አሁን አስነሣው» አሉኝ።

አስነሣሁት። መኪናው መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም፤ ዘለለ። አጓራ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያም ከጭስ ማውጫው በኩል እንደ መድፍ ጓ! አለ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ ቀልድ አልነበረም። የበዓል ልብስ የለበሰው ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተዘረጋ። እማማ ደብሪቱ ብቻ ቀጥ ብለው ቆመው «ወጣ! ወጣ!» ይላሉ። ወዲያው ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ደግነው እየሮጡ ደረሱ።

«ማነው የተኮሰው?»

«መኪናው ነው ጓድ» አልኩ እጆቼን ሰቅዬ።

አንደኛው ወንበሩ ሥር ውኃ የሚንጠባጠብበትን ሳጥን አየ። «ይሄ ምንድነው?»

«ኮምፒውተር ነው።»

«ምን ይሠራል?»

ለአልማዝ የነገርኳትን ነገርኩት፤ ሌላ አላውቅማ። «ያስባል።»

ጠባቂው ጠጋ አለኝ። «ምን ብሎ?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሳጥኑ ተፈትቶ ቀበሌ ተወሰደ። እኔን አጣርተው ሲለቁኝ እሱ ቀረ። አልማዝና እናቷ ወደ ቤት የሄዱት በእግራቸው ነው፤ ኋላ እንደሰማሁት ግማሽ መንገድ ላይ ግርማ አግኝቷቸው እማማን በትከሻው ደግፎ አወረዳቸው። ይህን የሰማሁ ቀን ራት አልበላሁም።

ሳጥኑ በቀበሌው ግቢ የግንብ አጥር ላይ፣ ፀሐይ ሲወቅጠው ሰነበተ። ሊቀመንበሩ በመጨረሻ አስጠሩኝና አስረከቡኝ።

«ምንም አልተናገረም» አሉኝ ቅር ብሏቸው።

ወስጄ ስገጥመው ሞተሩ እንደ አዲስ ተነሣ። ያኔ ነው ሳጥኑን አገላብጬ ያየሁት። ጎኑ ላይ ውኃ የደረሰበት የዝገት መስመር አለ፤ በወንበሩ ጨርቅ ላይ ጀሪካኑ የተደገፈበት ቦታ ሻግቷል። ቆረቆንዳው በየመታጠፊያው እያንጠባጠበ፣ ውኃው በወንበሩ ሰርጎ የሚያርፈው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ራስ ላይ ነው። ሲረጥብ ይታመማል፤ ሲደርቅ ይድናል። እማማ ደብሪቱ ጋሽ በየነ ያቃታቸውን በሽታ በትክክል አግኝተውታል። የተለያየነው በበሽታው ስም ብቻ ነው።

ግን ይህን እንዴት እነግራቸዋለሁ? «እማማ፣ መኪናዬ ጠበል አትወድም» ልበል? ጠበል የማይወድ ማን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ! እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሰው ልጃቸውን ሊሰጡት? ሳስብ ሰነበትኩና አንድ ብልሃት መጣልኝ። መኪናው ጣሪያ ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ አስበየድኩ። እሁድ ሲደርስ ጀሪካኑን ከእጃቸው ተቀብዬ፣ ዝቅ ብዬ፣

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ እስከ ዛሬ ሳላስተውል ጠበሉን ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀምጬ ነበር። ጠበል ከበላያችን ነው መሆን ያለበት» አልኳቸው።

እማማ ደብሪቱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አየሽ አልማዝ? አየሽ ይህን ልጅ?» አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ። ያን ቀን ሚኒባሷ ወጣች፤ ወረደች፤ አንዴም አልሳለችም። በሳምንቱ ከእነ አልማዝ ቤት ድፎ ዳቦ መጣልኝ።

ከዚያ ወዲያ የግርማ መኪና በበሬ ስታልፍ መጋረጃ መክፈት ተውኩ። ኮምፒውተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሽማግሌ የሚሆኑኝን ሰዎች በልቤ መረጥኩ፤ አንደኛቸውንም አነጋገርኩ። ከእንጦጦ ንግሥ በኋላ እንሄዳለን ተባባልን።

ንግሡ ደግሞ በሳምንቱ መካከል ዋለ። የእሁዱ ተራ አይሠራም፤ ሁለታችንም መንዳት እንችላለን። ስለዚህ ምርጫቸው ነው ማለት ነው። ጠዋት በራቸው ላይ ሁለታችንም ቆምን። እማማ ደብሪቱ ሳያመነቱ ወደ እኔ መጡ። ግርማን ቀና ብዬ አየሁት፤ ፈገግ አለ። አልማዝ ግን «እኔ በግርማ እመጣለሁ» ብላ ከትንሿ መኪና ገባች። ቻል አደረግሁት። ዛሬ ትግባ፤ ነገ ሽማግሌ አለኝ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ የግርማ መኪና ቆማ እንፋሎት ስትተፋ አየኋት። አምላኬ ሆይ! ስንት ጊዜ የለመንኩት ነገር! አጠገባቸው ደርሼ መስታወቴን አወረድኩ። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ተበጥሷል። ግርማ ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ ቀጭን ነገር ይቋጥራል። በቺንጊያው ፋንታ የሚቋጥረው የናይለን ካልሲ ነው። አልማዝ ጎኑ ቆማለች፤ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ነው፣ ሌላው ባዶውን በጫማዋ ላይ ቆሟል፤ ትስቃለች፣ እየሳቀችም ሁለተኛውን ካልሲዋን ታወልቃለች።

ሳጥኔ ቤንዚን ይመጥናል፤ ያስባል፤ ቀበሌ ታስሮ እንኳ አልተናገረም። ግን በዓመቱ ሁሉ የማንንም ካልሲ ፈልጎ አያውቅም። እዚያ ቦታ ላይ፣ የእንጦጦን ዳገት በሙሉ ጤና እየወጣሁ፣ የተበጠሰ ቺንጊያ ተመኘሁ።

«ግቡ! እኔ ጋ ቦታ አለ!» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ጋሽ በየነ ጨምሮ።

«የለም፣ አንተ እማዬን አድርስልን» አለች አልማዝ ቀና ሳትል። «እኛ እንደርሳለን።»

መንገዴን ቀጠልኩ። ሞተሩ እንደዚያን ቀን አምሮበት አያውቅም።

«አንተ የተባረክ ልጅ ነህ» አሉ እማማ ደብሪቱ ከኋላዬ። «የሱ መኪና መንገድ ላይ የምታስቀር ናት፤ ይኸው አየህ። ለዚያች ቀን ካንተ ሌላ የማምነው የለኝም።»

«ለየትኛዋ ቀን እማማ?»

«ለሠርጉ ነዋ! አልነገሩህም እንዴ? ባለፈው ሳምንት የግርማ ሽማግሌዎች መጥተው እሺ ብዬ የለ። ሙሽሮቹን ይዘህ የምትመጣው አንተ ነህ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ አልማዝም ደስ ብሏታል።»

እግሬ ሳላዘው ፍሬኑን ረገጠ። ከኋላዬ ያለ ውይይት ታክሲ ጥሩንባውን ነፋብኝ። የሽማግሌዎቼ ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ፤ በተለይ ያነጋገርኩት። መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ፊት ለፊቴን ብቻ አየሁ።

«ምነው ቆምክ ልጄ?» አሉ እማማ ደብሪቱ ደንግጠው። «ተበላሸ እንዴ?»

«የለም እማማ» አልኩ። «መኪናው ደህና ነው።»